ተሳቢ ለሚጎትት የናፍጣ ፒክአፕ የዴፍ አሞላል

«የዴፍ መብራት በራብኝ፣ ስንት ማይል ያስኬደኛል?» «ባለፈው ሳምንት ሞልቼው እንዴት አለቀ?» «በናፍጣው ቀዳዳ ጨመርኩት፣ ምን ይሻለኛል?» አሜሪካ ውስጥ በናፍጣ ፒክአፕ ተሳቢ እየጎተቱ መኪናና ዕቃ ከሚያመላልሱ ወገኖች ዘንድ ደጋግመው የሚመጡት እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ናቸው። ይህ መመሪያ ሦስቱንም ይመልሳል። ዴፍ የሚባለው የናፍጣ መኪናን ጭስ የሚያጸዳው ፈሳሽ ነው። የተጻፈው ፎርድ ሱፐር ዱቲ፣ ራም 2500 እና 3500፣ ሼቭሮሌት ሲልቬራዶ ኤችዲ ወይም ጂኤምሲ ሲዬራ ኤችዲ ለያዛችሁ ነው። የትልቁ ትራክ አሞላልም በመሠረቱ ያው ነው።

ሦስተኛውን ጥያቄ ይዛችሁ ከሆነ የመጣችሁት፣ ቁልፉን ሳትነኩ ቀጥታ «በተሳሳተ ቀዳዳ ከገባ» ወደሚለው ክፍል ውረዱ።

ሲጎተት ለምን ቶሎ ያልቃል?

ዴፍ 32.5 በመቶ ዩሪያ፣ 67.5 በመቶ ደግሞ ማዕድኑ የወጣለት ንጹሕ ውሃ ነው። ከናፍጣ ጋር አይቀላቀልም፣ ሞተር ውስጥም አይገባም። የራሱ ታንክ፣ የራሱ ፓምፕ፣ የራሱ መርጫ አለው። የሚረጨው ጭሱ በሚያልፍበት ቱቦ ላይ፣ ኤስሲአር ከሚባለው ካታሊስት በፊት ነው። የጭሱ ሙቀት ዩሪያውን ወደ አሞኒያ ይለውጠዋል፤ አሞኒያው ደግሞ መርዛማውን የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዝ ወደ ናይትሮጅንና ወደ ውሃ ተን ይቀይረዋል።

ተሳቢ ሲቀጠል ሁለት ነገር አብሮ ይጨምራል። አንደኛ፣ በየማይሉ የሚቃጠለው ናፍጣ ይበዛል። ሁለተኛ፣ ሞተሩ ከብዶት ሲሠራ የቃጠሎው ሙቀት ስለሚያይል ከእያንዳንዱ ጋሎን ናፍጣ የሚወጣው ጎጂ ጋዝ ይጨምራል፤ ኮምፒውተሩም በዚያው ልክ አብዝቶ ይረጫል። ስለዚህ ጭማሪው የናፍጣውን ያህል ብቻ ሳይሆን ከዚያም በላይ ነው። ከዴንቨር ተነስቶ በአይ-70 ወደ አይዘንሃወር ዋሻ ጭነት ይዞ የወጣ ሰው የዴፍ ጌጁ ሲወርድ ቢያይ ሊደነቅ አይገባም። መኪናው ሥራውን እየሠራ ነው እንጂ አልተበላሸም።

በቁጥር እንየው። 5 ጋሎን ዴፍ የያዘ መኪና ባዶውን በጋሎን ናፍጣ 16 ማይል ቢሄድና ዴፉ የናፍጣው 2 በመቶ ቢሆን፣ 250 ጋሎን ናፍጣ እስኪያቃጥል፣ ማለትም እስከ 4,000 ማይል ድረስ ይበቃዋል። ያው መኪና ሦስት መኪና ጭኖ በጋሎን 10 ማይል ቢሄድና ዴፉ 4 በመቶ ቢደርስ፣ በ125 ጋሎን ናፍጣ፣ ማለትም በ1,250 ማይል ያልቃል። ያው ታንክ፣ ያው 5 ጋሎን፣ ርቀቱ ግን ከሲሶ በታች ወረደ። «ባለፈው ሳምንት ሞልቼው ነበር» ለሚለው መልሱ ይኸው ነው።

የሚያስፈልጋችሁ

- 2.5 ጋሎን (9.5 ሊትር ገደማ) የሚይዝ ዴፍ በጄሪካን፣ ማፍሰሻ ቱቦው አብሮት ያለ። ካርቶኑ ላይ አይኤስኦ 22241 የሚል ጽሑፍና የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት (ኤፒአይ) ምልክት ይኑረው። ሙሉው ወደ 23 ፓውንድ ይመዝናል።
- መጠባበቂያ የሚሆን ሌላ አንድ ያልተከፈተ ጄሪካን።
- ለማጠቢያ አንድ ጋሎን ንጹሕ ውሃ።
- ዘይትም ናፍጣም ነክቶት የማያውቅ ጨርቅ ወይም የወረቀት ፎጣ።
- የጎማ ጓንት፣ የእጅ ባትሪ።
- ኢምቡቶ የምትጠቀሙ ከሆነ ለዴፍ ብቻ የተለየ የፕላስቲክ ኢምቡቶ። ዘይት ያለፈበትን ኢምቡቶ በሳሙና አጥቦ መጠቀም አይሠራም።
- ብትችሉ፣ ለዴፍ የተሠራ ሪፍራክቶሜትር። ጠብታ አስቀምጣችሁ ስታዩበት የዩሪያውን መቶኛ ያሳያችኋል። ደህና የሚባለው ከ31.8 እስከ 33.2 ነው።

የመዳብ፣ የናስ፣ የአሉሚኒየም ወይም ዚንክ የተለበጠ ዕቃ ለዴፍ አይሆንም። ዴፍ እነዚህን ብረቶች ይበላል፣ የተበላው ብረት ደግሞ ሄዶ ካታሊስቱ ላይ ይለጠፋል። ደህና የሚባለው ፕላስቲክና የማይዝግ ብረት ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ዴፍ በሰው ላይ ከባድ ጉዳት የሚያደርስ ነገር አይደለም። ቆዳ ላይ ከፈሰሰ በውሃ ይታጠባል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ግን ለ15 ደቂቃ ያህል በሚወርድ ውሃ እጠቡና ማቃጠሉ ካልተወ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ከእናንተ ይልቅ የሚጎዳው መኪናው ነው። የመኪናውን ቀለም ያበላሻል፣ የኤሌክትሪክ ሶኬት ውስጥ ከገባ መዳቡን ያረጥባል፣ ያዝገዋል።

ዳሽቦርዱ የማርሚታው ማጣሪያ ራሱን እያጸዳ መሆኑን (ሪጄን) እያሳየ ከሆነ እስኪጨርስ ንዱት እንጂ በመካከል አታጥፉት። በዚያ ሰዓት የጭስ ቱቦው እጅግ ስለሚግል ደረቅ ሣር ላይም አታቁሙት።

አሞላሉ፣ ደረጃ በደረጃ

1. ከመነሳታችሁ በፊት አስሉ። የመንገዱን ማይል፣ ጭናችሁ በአንድ ጋሎን ናፍጣ በምትሄዱት ማይል አካፍሉ፤ የናፍጣውን ጋሎን ታገኛላችሁ። እሱን በ0.04 አባዙ። ለምሳሌ ከዴንቨር እስከ ዳላስ ወደ 800 ማይል ነው፤ በጋሎን 10 ማይል ከሄዳችሁ 80 ጋሎን ናፍጣ፣ ስለዚህ 3.2 ጋሎን ዴፍ ትፈልጋላችሁ። ዳገትና የፊት ነፋስ ካለ 0.05 ያዙ። የእነዚህ ፒክአፖች የዴፍ ታንክ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 ጋሎን አካባቢ ይይዛል፤ የእናንተን ከመኪናው መጽሐፍ ላይ አይታችሁ የናፍጣ ክዳኑ ውስጥ በማርከር ጻፉት። ሒሳቡን ስትሠሩ የመጨረሻውን ሩብ ታንክ እንደሌለ ቁጠሩት። ማስጠንቀቂያው የሚጀምረው እዚያ አካባቢ ነው፣ ጭነት ይዞ ማደያ መፈለግ ደግሞ ጊዜም ገንዘብም ይበላል።

2. ጄሪካኑን መርምሩ። ዴፍ ያረጃል። በ77 ዲግሪ ፋራናይት (25 ሴልሺየስ) የተቀመጠ 18 ወር፣ በ86 (30 ሴልሺየስ) የቆየ 12 ወር፣ በ95 (35 ሴልሺየስ) የቆየ 6 ወር ይቆያል። ላስ ቬጋስ ወይም ፊኒክስ ውስጥ በጋውን ሙሉ የፒክአፕ ጭነት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጄሪካን ቀኑ ባያልፍበትም አትመኑት። ካርቶኑ ላይ የታተመውን ቁጥር አንብቡ። አንዳንዱ አምራች ዓመት፣ ወርና ቀን በተከታታይ ይጽፋል፤ ሌላው ዓመቱንና ከዓመቱ ስንተኛ ቀን እንደሆነ ብቻ ይጽፋል። በዚህኛው አጻጻፍ 24152 ማለት የ2024 152ኛ ቀን፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ (በፈረንጆች ሜይ 31) ማለት ነው። ከዚያ ትንሽ ንጹሕ ዕቃ ላይ አፍስሱና እዩት። እንደ ውሃ የጠራ፣ ቀለም የሌለው መሆን አለበት። አንዳንዱ የንግድ ስም «ብሉ» (ሰማያዊ) ስለሚል፣ ክዳኑም ሰማያዊ ስለሆነ ፈሳሹም ሰማያዊ የሚመስላቸው አሉ፤ ሰማያዊ ፈሳሽ ካያችሁ የመስታወት ማጠቢያ ነው። ስስ የአሞኒያ ሽታ ያለ ነው፣ ዓይን የሚያስነባ ሽታ ግን የተበላሸ መሆኑን ይናገራል።

3. ሜዳ ላይ አቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ። ከባድ ተሳቢ የፒክአፑን ኋላ ይጫነዋል፤ በዚያ ላይ ዳገት ከተጨመረ በታንኩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወደ አንድ ወገን ስለሚሄድ ጌጁ ያሳስታችኋል፣ ስትሞሉም መጠኑን ትስታላችሁ። ፍሬን ያዙ፣ ቁልፉን አውጡ። ሞተሩ ሲጠፋ የዴፍ ፓምፑ በመስመሩ ውስጥ የቀረውን ፈሳሽ ወደ ታንኩ ለመመለስ ለጥቂት ጊዜ ሲያጉረመርም ትሰማላችሁ። ይህ ጤነኛ ድምፅ ነው፤ እስኪቆም ባትሪ አትንቀሉ። ፈሳሹ መስመሩ ውስጥ ከቀረ ክረምት ላይ በረዶ ሆኖ፣ በጋ ላይ ደርቆ ይዘጋዋል።

4. ቀዳዳውን ለዩ፣ ክዳኑን በእጃችሁ ያዙ። በፎርድና በራም ፒክአፖች ላይ የዴፍ ቀዳዳ ከናፍጣው ጎን፣ በአንድ በር ውስጥ ነው። ሰማያዊ ክዳን አለው። ከ2020 በፊት በተሠሩ አንዳንድ ሼቭሮሌትና ጂኤምሲ ኤችዲዎች ላይ ደግሞ ኮፋኖ ስር ይገኛል፤ እዚያ የሚያሰጋው ከመስታወት ማጠቢያው ጋር መምታታቱ ነው። የትኛውም ይሁን፣ ጄሪካኑን ከማንሳታችሁ በፊት ክዳኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ሌሊት ከሆነ በባትሪ አብሩበት። የናፍጣው ክዳን በዚያ ሰዓት ዝግ ይሁን። ናፍጣና ዴፍ ባንድ ላይ መሙላት፣ አንዱን እየቀዱ ሌላውን መክፈት፣ ስልክ እያወሩ መቅዳት፣ ስህተቱ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። የናፍጣ መቅጃ ከዴፍ ቀዳዳ ስለሚወፍር አይገባም፤ የዴፉ መቅጃ ግን 19 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ በናፍጣው ቀዳዳ ያለ ችግር ይገባል። የጄሪካኑ ቱቦም እንደዚሁ። ማለትም ትልቁን ጥፋት የሚከለክል ነገር መኪናው ላይ የለም፤ የሚከለክለው ዓይናችሁ ነው።

5. ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ዙሪያውን እጠቡ። ሰማያዊው ክዳን ሥር እንደ ጨው ያለ ነጭ ቅርፊት ታያላችሁ። የደረቀ ዩሪያ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፤ በጥፍር ወይም በቢላ ከፋቃችሁት ፍርፋሪው ወደ ውስጥ ይወርዳል። የመንገድ አቧራም አብሮ ይጠረግ። መርጫው ቀዳዳው ደቃቅ ነው፣ አሸዋ ብጤ ነገር ይበቃዋል።

6. አፍስሱ። ማፍሰሻ ቱቦውን ጄሪካኑ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ጄሪካኑን ወደ ጎን አጋድማችሁ ቱቦውን ቀዳዳው ውስጥ እስኪቆም ግፉት፣ ከዚያ ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉ። አየር እየገባ «ጉል ጉል» ሲል ትሰማላችሁ፤ ድምፁ እኩል እስከሄደ ድረስ ደህና ነው። ድምፁ ሲቆራረጥ ወይም አረፋ ወደ አፉ ሲወጣ ጄሪካኑን ዝቅ አድርጉና ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ። ዴፍ ያረፋል፤ ከተቻኮላችሁ ታንኩ ሳይሞላ አረፋው ገንፍሎ የመኪናው ጎን ላይ ይወርዳል። ሩብ ላይ የነበረ ታንክ አንድ ሙሉ ጄሪካን ያለ ችግር ይቀበላል። ሁለተኛውን ከመክፈታችሁ በፊት ግን ሒሳቡን ሥሩ፤ ተከፍቶ የተረፈ ጄሪካን አቧራና እርጥበት ይስባል፣ ክዳኑ ተጠብቆ ካልተዘጋም ጭነት ላይ ይፈስሳል።

7. ከትራክ ማደያ የምትቀዱ ከሆነ ዋጋው ከጄሪካኑ ይረክሳል፣ ቶሎ ቶሎ ስለሚሸጥም ፈሳሹ ትኩስ ነው። በላቭስ፣ በፓይለት ወይም በቲኤ የትራኮቹ መስመር ላይ ዴፍ የሚቀዳው መቅጃ ከናፍጣው ተለይቶ ተሰቅሏል። ማሽኑ ምን እንደምትቀዱ ሲጠይቃችሁ ዴፍንም ምረጡ፤ ካልመረጣችሁት አይከፈትም። መቅጃው ለትልቅ ታንክ የተሠራ ስለሆነ ይጣደፋል። መያዣውን ሙሉ በሙሉ አትጫኑት፣ በሩብ ያህል ይዛችሁ በዝግታ ልቀቁት። አንዳንዱ መቅጃ ደግሞ በትራኮች የዴፍ ቀዳዳ አንገት ላይ ያለውን ማግኔት ካላገኘ ጨርሶ አይለቅም፤ ፒክአፕ ላይ ማግኔቱ ከሌለ ታግላችሁ አታስከፍቱትም፣ ጄሪካን ተጠቀሙ።

8. መቅጃው «ቀጭ» ሲል አቁሙ። ደግማችሁ አትጨምሩ። ዴፍ በረዶ ሲሆን 7 በመቶ ያህል ይሰፋል፣ ከላይ የቀረው ባዶ ቦታ ለዚያ ነው። እስከ አንገቱ የሞላ ታንክ በሚኒሶታ ክረምት ሊሰነጠቅ ወይም የጌጁን መሣሪያ ሊሰብረው ይችላል፤ የሚለወጠውም ከነማሞቂያውና ከነፓምፑ አንድ ላይ ነው።

9. ዝጉ፣ የፈሰሰውን እጠቡ። ክዳኑ እስኪጠብቅ አዙሩት። የፈሰሰ ካለ ሳይደርቅ ብዙ ውሃ አፍስሱበት። ከደረቀ ለብ ያለ ውሃ ያሟሟዋል። ጓንታችሁን አውልቃችሁ ጣሉ፤ በዚያው ጓንት የናፍጣ መቅጃ ይዛችሁ ተመልሳችሁ የዴፍ ክዳን አትንኩ።

10. ቁልፉን «ኦን» ላይ አድርጉና ሞተሩን ሳታስነሱ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ ከዚያ አስነሱ። ጌጁ ወዲያው ላይነሳ ይችላል። አንዳንዱ መኪና አዲሱን መጠን የሚያነበው ጥቂት ማይል ከሄደ በኋላ ነው፤ ጌጁ ስላልተነሳ ብላችሁ ሌላ ጄሪካን እንዳትጨምሩ። ከአንድ ጋሎን በታች የጨመራችሁ ከሆነም መኪናው መጨመራችሁን ጨርሶ ላያውቀው ይችላል።

11. ማይሉንና የጨመራችሁትን ጋሎን ጻፉ። ጭናችሁ የሄዳችሁበትን ከባዶው ለይታችሁ ሦስት አራት ጊዜ ስትጽፉ የራሳችሁን መኪና መቶኛ ታውቃላችሁ፣ በደረጃ 1 ላይ ባለው 0.04 ፋንታም እሱን ትጠቀማላችሁ። ሌላም ጥቅም አለው። አንድ ቀን ፍጆታው ባልተለመደ ሁኔታ ከወረደ መርጫው እየተዘጋ፣ ያለ ምክንያት ከወጣ ደግሞ የሚያንጠባጥብ ነገር ስላለ፣ መብራት ሳይበራ ቀድማችሁ ታገኙታላችሁ።

በተሳሳተ ቀዳዳ ከገባ

*ዴፍ ናፍጣ ታንክ ውስጥ ከገባ።* ቁልፉን አታዙሩ። «ኦን» ላይ ማድረግ ብቻ እንኳ የናፍጣ ፓምፑን ያስነሳዋል። ዴፍ ከናፍጣ ይከብዳል፤ በሊትር 1.09 ኪሎ ሲመዝን ናፍጣው 0.85 ኪሎ አካባቢ ነው። ስለዚህ አይቀላቀልም፣ ታንኩ ሥር ይተኛል፣ ናፍጣው የሚሳበውም ከታንኩ ሥር ነው። መጀመሪያ የሚሳበው እሱ ነው ማለት ነው። ሞተሩ ካልተነሳ ጉዳቱ ታንኩን አውርዶ፣ አጥቦ፣ ማጣሪያዎቹን ለውጦ መመለስ ነው። ከተነሳ ግን ከፍተኛ ግፊት ያለው ፓምፕ፣ መስመሩና ኢንጀክተሮቹ ይበላሻሉ፤ ሂሳቡ ከ10,000 ዶላር ሊያልፍ ይችላል። ጥቂት ነው፣ ናፍጣ ሞልቼበት ይቀጥናል አትበሉ፤ ሥር የተኛ ነገር ከላይ በሚጨመር አይቀጥንም።

ጎታች ስትጠሩ ሁለት ነገር ንገሩት፦ መኪናው እንደማይነሳና ቁልፉም እንደማይበራ። ማርሹ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ያለ ቁልፍ ወደ ኒውትራል ለማውጣት የእጅ ማላቀቂያውን መጠቀም አለበት፣ ወይም ጎማው ሥር ማንሸራተቻ ይዞ ይምጣ። ተሳቢውን ፈታችሁ ለብቻው አስወስዱ። የአምራቹ ዋስትና ይህን ስህተት አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም፤ ኢንሹራንሳችሁ ሊሸፍነው ስለሚችል ጥገናው ከመጀመሩ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ፣ የታንኩን ናሙናም በንጹሕ ጠርሙስ አስቀሩ።

*ናፍጣ ወይም ዘይት ዴፍ ታንክ ውስጥ ከገባ።* አሁንም አታስነሱ። የዴፍ መስመር ጎማዎች ለናፍጣ የተሠሩ አይደሉም፤ ያብጣሉ፣ መያዝ ያቆማሉ። ትንሽ መጠን ይበቃል። ፓምፑ ከሳበው የሚለወጠው ታንኩ፣ ፓምፑ፣ መስመሩና መርጫው አንድ ላይ ነው።

*የመስታወት ማጠቢያ ወይም የቧንቧ ውሃ ከገባ።* ይህኛው ይቀላል፣ ግን ዝም ተብሎ አይነዳም። ታንኩ ባዶ ይደረግ፣ ማዕድን በሌለው ውሃ ይታጠብ፣ በአዲስ ዴፍ ይሞላ። የቧንቧ ውሃ ካልሲየም ካታሊስቱ ላይ ሲቀመጥ አይለቅም።

መብራቱ ከበራ፣ የማይል ቆጠራው ከጀመረ

ማስጠንቀቂያው በደረጃ ይመጣል። መጀመሪያ መልእክት፣ ቀጥሎ የቀረው ማይል ቆጠራ፣ ቀጥሎ የፍጥነት ገደብ። ቆጠራው ዜሮ ሲደርስ አንዳንዱ መኪና በሰዓት 5 ማይል ላይ ይታሰራል፣ አንዳንዱ ካጠፋችሁት በኋላ አይነሳም። ስንት ማይል ላይ እንደሚጀምርና እስከ ምን እንደሚገድብ በሞዴሉና በሶፍትዌሩ ይለያያል፤ ነገር ግን ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው ማይል የተሰላው በቅርቡ በሄዳችሁበት ፍጆታ ነው። ባዶ እየሄዳችሁ 400 ማይል ካሳያችሁ፣ ጭናችሁ 400 አይወስዳችሁም።

ሞልታችሁ ለመውጣት አንድ ሙሉ ጄሪካን ጨምሩ፤ ፍጥነቱ ከተገደበ በኋላ ከሆነ ሁለት ያዙ። ከዚያ ደረጃ 10ን ተከተሉ።

መልእክቱን ግን በደንብ አንብቡት። «ዴፍ አነስተኛ ነው» የሚለው በመሙላት ይፈታል። «የዴፍ ጥራት» ወይም «የጭስ ሲስተም ይጠገን» የሚለው በመሙላት አይፈታም። ኮድ ማንበቢያ ካላችሁ ፒ207ኤፍ የፈሳሹን ጥራት፣ ፒ20ኢኢ የካታሊስቱን ሥራ መድከም ያመለክታል። ፒ20ኢኢ ሲመጣ ካታሊስት ከመግዛታችሁ በፊት የታንኩን ፈሳሽ በሪፍራክቶሜትር ለኩት፤ ያረጀ ዴፍ ያንኑ ኮድ ሊያስነሳ ይችላል፣ ፈሳሽ መለወጥና ካታሊስት መለወጥ ደግሞ በዋጋ አይገናኙም። ሲስተሙን ቆርጦ ማስወጣትን መፍትሔ አድርገው የሚያቀርቡላችሁም ይኖራሉ፤ በፌዴራል የንጹሕ አየር ሕግ የተከለከለ ነው።

በብርድ ጊዜ

ዴፍ 12 ዲግሪ ፋራናይት (11 ሴልሺየስ ከዜሮ በታች) ላይ ይረጋል። 32.5 በመቶ የተባለውም ለዚሁ ነው፤ ከዚያ ቢቀጥንም ቢወፍርም ቀድሞ ይረጋል። ታንኩ ማሞቂያ ስላለው በረዶ ሆኖ ቢያድር ሞተሩ ይነሳል፣ መኪናው ይሄዳል፣ ፈሳሹም እየሄዳችሁ ይቀልጣል። ፀረ-በረዶ፣ አልኮል ወይም የፈላ ውሃ አትጨምሩበት። ታንኩ በረዶ ሆኖ እያለ አትሙሉ፤ ጌጁ ትክክለኛውን አያነብም፣ የጨመራችሁትም በረዶው ላይ ቆሞ ይረጋል። ግማሽ ሰዓት ነድታችሁ ሙሉ። መጠባበቂያው ጄሪካን ጭነት ላይ ከማደር ጋቢና ውስጥ ይደር፤ ረግቶ የቀለጠ ዴፍ ግን ጥራቱን አያጣም፣ አትድፉት።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

የማዳበሪያ ዩሪያ ገዝቶ በውሃ መበጥበጥ ከሁሉ የከፋው ነው። የማዳበሪያ ዩሪያ ባዩሬት የሚባል ነገርና ከእህል ላይ ጉዳት የማያደርስ፣ ካታሊስትን ግን የሚዘጋ ቆሻሻ አለው። ሪፍራክቶሜትር 32.5 ቢያሳይ እንኳ ንጽሕናውን አይነግራችሁም።

የውሃ ጠርሙስ ውስጥ «ለመንገድ» ተብሎ የተቀዳ ዴፍም አደገኛ ነው። ውሃ ይመስላል፣ ልጅ ሊጠጣው ይችላል፣ ጠርሙሱም ንጹሕ አይደለም።

ረፍት ቦታ ላይ ኤሲ ለማግኘት ሞተሩን ለሰዓታት አስነስቶ መተኛት ሌላው ነው። ሞተሩ ሳይከብደው ሲቆይ ጭሱ ስለሚቀዘቅዝ የሚረጨው ዴፍ ወደ አሞኒያ ሳይለወጥ ቱቦው ውስጥ ነጭ ድንጋይ ሆኖ ይጋገራል። ከዚህ በኋላ ጭነት ይዞ ግማሽ ሰዓት በሃይዌይ ፍጥነት መሄድ ያልጠነከረውን ያቃጥለዋል፤ የጠነከረው ግን መርጫውን አስፈትቶ ያሳጥባል።

ነጭ ቅርፊት ክዳኑ ላይ ሳይሆን መኪናው ሥር፣ በቱቦ መገጣጠሚያ ወይም በመርጫው ዙሪያ ካያችሁ ያ የማንጠባጠብ ምልክት ነው። በለብ ውሃ አጥባችሁ አድርቁት፣ ፎቶ አንሱት፣ 100 ማይል ከሄዳችሁ በኋላ ተመልሳችሁ እዩት። ቅርፊቱ በዚያው ቦታ ከተመለሰ ፎቶዎቹን ይዛችሁ መካኒክ ዘንድ ሂዱ፤ የትኛው መገጣጠሚያ እንደሆነ በቀጥታ ስለምታሳዩት ፍለጋው ይቀርላችኋል።